በሁለት ጣት የምትዞር ማዞሪያ

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ አሮጌ የአውሮፕላን ከፍታ መለኪያ አለ፤ የሙያው ሰዎች አልቲሜትር ይሉታል። የፊቱ ስፋት ከአንድ የስኒ ማስቀመጫ ብዙም አይበልጥም። መደቡ ጥቁር፣ ቁጥሮቹ ነጭ ናቸው፤ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ እንደ ግድግዳ ሰዓት ዙሪያውን ተደርድረዋል። ሦስት ጠቋሚዎች ከአንድ እምብርት ይነሣሉ፦ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭርና ወፈር ያለ፣ ሦስተኛው ደግሞ ልብ ብሎ ላልተመለከተው የማይታይ ትንሽ። በስተቀኝ ጥፍር የምታህል መስኮት አለች፤ በውስጧ 1013 የሚል ቁጥር ይነበባል። ከታች በስተግራ ጥግ ላይ አንዲት ማዞሪያ ተተክላለች፤ ጣት እንዳያዳልጥ ጠርዟ በጥቃቅን መስመሮች ተፈልፍሏል።

ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ይህችን ማዞሪያ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ይዤ ዝግ ብዬ አዞራታለሁ። የመስኮቷ ቁጥር ይንሸራተታል፤ ከእርሱ ጋር ረጅሙ ጠቋሚ ይጓዛል። አይንቀጠቀጥም፣ አይንገጫገጭም፤ ጣቴ ሲቆም እርሱም ይቆማል። ከመቀመጫዬ ሳልነሣ መሣሪያው ሦስት መቶ ጫማ ከፍ ማለቴን ይነግረኛል። ደስ የሚያሰኘውም የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ውስጡ ያለው ስልት ሁሉ ልክ ሆኖ ሳለ፣ የሁለት ጣት ስህተት እውነቱን በሙሉ ይዛው ትሄዳለች።

ስለ አብራሪዎች ስህተት ብዙ ይጻፋል፤ አብዛኛው ስለ ሰውየው ነው። እኔ ስለ ሥራው፣ ስለ እጅ ሙያው መጻፍ እፈልጋለሁ። በእነዚህ መሣሪያዎች ታሪክ ውስጥ ያየሁት ትልቁ ጥበብ፣ ሰው እንደሚሳሳት አምኖ ለዚያው ለሚሳሳት እጅ የሚሆን ነገር የሠራ ባለሙያ ጥበብ ነውና።

በመጀመሪያ ውስጡን እንይ። ጀርባው ሲከፈት የሰዓት ሆድ ይመስላል። መካከሉ ላይ እንደ ሙዳይና ክዳኑ አፍ ለአፍ የተገጠሙ ስስ የብረት ክቦች ተደራርበዋል። ጠርዛቸው ተበይዶ በውስጣቸው የነበረው አየር ተመጥጦ ወጥቷል። ብረቱ ብዙ ጊዜ ቤሪሊየም የተቀላቀለበት መዳብ ነው፤ ሺህ ጊዜ ተጨምቆ ሺህ ጊዜ ቢለቀቅ ወደ ቦታው የሚመለስ ታማኝ ብረት። ፊቱ ላይ፣ ጠጠር የተጣለበት ኩሬ ይመስል፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡ ክብ ሞገዶች ተቀርጸውበታል። ሞገዶቹ ጌጥ አይደሉም፤ ስሱ ብረት አንድ ቦታ ላይ ሳይሰነጠቅና ሳይጎብጥ እኩል እንዲተነፍስ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው።

ይህ ሙዳይ የሚሠራውን ሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አፋር የወረደ መንገደኛ ሁሉ በዐይኑ አይቶታል። ደጋ ላይ ውኃውን ጨርሶ ክዳኑን ያጠበቀው ፕላስቲክ ጠርሙስ ቆላ ሲደርስ ተጨምድዶ ይጠብቀዋል። ከቆላ ይዞት የወጣው የታሸገ የድንች ጥብስ ደግሞ ደጋ ላይ እንደ ፊኛ ይነፋል። ጠርሙሱም ላስቲኩም ከፍታ ለክተዋል ማለት ነው። አውሮፕላኑ ሲወጣ የውጭው አየር ይሳሳል፣ ሙዳዩም ይነፋል፤ ሲወርድ አየሩ ይከብዳል፣ ሙዳዩም ይጨመቃል። ፈረንሳዊው ሉስየን ቪዲ ይህን ያለ ፈሳሽ የሚሠራ የግፊት መለኪያ በ1844 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲያቀርብ፣ እስከዚያ ድረስ ግፊትን ለመለካት በመስታወት ቱቦ የቆመ ሜርኩሪ ተሸክሞ መዞር ግድ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።)

ጭንቁ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሙዳዩ ከምድር እስከ ሰማይ ጥግ በሚደረግ በረራ ሁሉ የሚነፋው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ረጅሙ ጠቋሚ ግን በየአንድ ሺህ ጫማው አንድ ሙሉ ዙር መዞር አለበት፤ ሠላሳ አምስት ሺህ ጫማ ላይ ለመድረስ ሠላሳ አምስት ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ያንን ትንሽ እንቅስቃሴ ወደ ሠላሳ አምስት ዙር የሚያሳድጉት ቀጫጭን ዘንጎችና ጥርሳቸው ደቃቅ የሆነ መዘውሮች ናቸው። ሰበቃ እንዳይኖር የዘንጎቹ ጫፍ እንደ ጥሩ የእጅ ሰዓት በከበረ ድንጋይ ላይ ያርፋል። የጄት ሞተር ሲመጣና የአውሮፕላኑ ንዝረት ሲቀንስ፣ መዘውሮቹ በዝምታው ውስጥ ትንሽ መያዝ ጀመሩ። ባለሙያዎቹም በመሣሪያው ውስጥ አንዲት ትንሽ ነዛሪ ጨመሩ፤ ሥራዋ መሣሪያውን ሳታቋርጥ መታ መታ ማድረግ ብቻ ነው።

ከዚህም የረቀቀ ነገር አለ። አየር ከታች ወፍራም ከላይ ስስ ነው። በባሕር ጠለል አካባቢ ግፊቱ በአንድ ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) እንዲቀንስ ከሃያ ሰባት እስከ ሃያ ስምንት ጫማ ያህል መውጣት ይበቃል፤ አሥራ ስምንት ሺህ ጫማ ላይ ለዚያው አንድ ሄክቶፓስካል ሃምሳ ጫማ ገደማ መውጣት ያስፈልጋል። የመሣሪያው ፊት ላይ ያሉት መስመሮች ግን ከታችም ከላይም እኩል ተራርቀዋል። ያንን የሰማይ አለመመጣጠን የሚያስተካክሉት የሙዳዩ ሞገዶችና የዘንጎቹ ርዝመት ናቸው። ብርድና ሙቀት ብረቱን እንዳያሳስተው ደግሞ ከሁለት የተጣበቁ የተለያዩ ብረቶች የተሠራች ትንሽ ማስተካከያ ገብታለች፤ አንደኛው ብረት ሲዘረጋ ሌላው ይይዘዋል። ቀላል የሚመስለው እኩል መስመር የዚህ ሁሉ ድካም ውጤት ነው።

ይህን ሥራ ለአብራሪ ዐይን ያበቃው ሰው ፖል ኮልስማን ነው። በጀርመን በ1900 ተወለደ፣ በ1923 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፣ በ1928 በኒውዮርክ ብሩክሊን በ500 ዶላር የራሱን ድርጅት ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት መስከረም 24 ቀን ጂሚ ዱሊትል ሎንግ አይላንድ በሚገኘው ሚቸል ፊልድ ውጭውን እንዳያይ የተሸፈነ መቀመጫ ውስጥ ገብቶ ተነሣ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በረረ፣ መልሶም አረፈ። ለጥንቃቄ አብሮት የተቀመጠው ሌተና ቤን ኬልሲ መሪውን አልነካም። ዱሊትል ለመሬት ምን ያህል እንደቀረበ የነገረው የኮልስማን አልቲሜትር ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ አብራሪዎች ያችን ጥፍር የምታህል መስኮት የኮልስማን መስኮት ይሏታል።

አሁን ወደ ማዞሪያዋ እንመለስ። መሣሪያው በእውነት የሚያውቀው ግፊትን ብቻ ነው፤ ከፍታ የሚለን ከአንድ መነሻ ቆጥሮ ነው። የአየር ግፊት ደግሞ ከቀን ቀን፣ ከአገር አገር ይለያያል። ዝናብ የያዘ ደመና ሲመጣ ይወርዳል፣ ሰማይ ሲጠራ ይወጣል። ስለዚህ አብራሪው ሊያርፍ ሲል ከመቆጣጠሪያ ማማው የዕለቱን ቁጥር ይቀበልና በመስኮቷ ውስጥ ያስገባዋል። በሩቅ ሰማይ ላይ ደግሞ ሁሉም አውሮፕላን በአንድ የጋራ ቁጥር፣ በ1013 እንዲበር ስምምነት አለ። ማዞሪያዋ ለመሣሪያው የምትነግረው «ከየት ጀምረህ ቁጠር» የሚለውን ነው።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰዓት ስንነጋገር «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብለን የምንጠይቅ ሕዝብ ነን። «ሁለት ሰዓት» ያለው ሰው አልዋሸም፤ የሰማውም አልደነቆረም፤ መነሻቸው ግን ስድስት ሰዓት ይራራቃል። የበረራ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ሁለት ሰዓት የጠዋት ሁለት ሰዓት አድርጎ ጓዙን ይዞ የመጣ፣ አውሮፕላኑ ግን ሌሊት ላይ የሄደበት መንገደኛ በየቤተሰቡ አይጠፋም። የእጅ ሰዓቱ አንድ ሰከንድ አልሳተም። አልቲሜትርም እንዲሁ ነው፤ መነሻው ከተሳተ ስህተቱን በፍጹም ትክክለኛነት ያሳያል።

ግንቦት 23 ቀን 2022 ከስቶክሆልም የተነሣ አንድ ኤርባስ ኤ320 ፓሪስ ሻርል ደ ጎል ለማረፍ እየወረደ ነበር። ሰማዩ ዝናባማና ደመናማ ነው። የዕለቱ ግፊት 1001 ሲሆን ከበረራ መቆጣጠሪያው 1011 ተብሎ ተነገራቸው። አብራሪዎቹ የሰሙትን ደገሙ፣ የሰሙትን አስገቡ። አሥር ሄክቶፓስካል፤ በማዞሪያዋ ላይ አንድ አፍታ የማትፈጅ እንቅስቃሴ። አሥሩን በሃያ ስምንት ጫማ ስናባዛው 280 ጫማ ይሆናል፤ ሰማንያ አምስት ሜትር። አውሮፕላኑ ከትክክለኛው የመውረጃ መንገድ በዚያ ያህል ዝቅ ብሎ ተጓዘ፤ በኮክፒቱ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ግን እርስ በርስ ይስማሙ ነበር። አብራሪዎቹ መወሰኛ ከፍታቸው ላይ የደረሱ መስሏቸው ሲያዩ መንደርደሪያው አልታያቸውም። ሥርዓቱ በሚያዘው መሠረት ሞተሩን አጎኑና ወጡ። በዚያች ቅጽበት ወደ መሬት ሞገድ ልኮ የሚለካው ሌላው መሣሪያ የመዘገበው ዝቅተኛ ከፍታ 6 ጫማ ነው። መንደርደሪያው ገና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀር ነበር። ስድስት ጫማ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ነው።

ከኮልስማን ዘመን ጀምሮ ዘጠና ዓመት አልፏል፤ ሙዳዩና መዘውሩ በኮምፒዩተር፣ ጠቋሚው በብርሃን ቁጥር ተተክቷል። የመነሻዋ ጥያቄ ግን አልተለወጠችም፤ አሁንም ሰው ቁጥር ይሰማል፣ አሁንም ሁለት ጣት ማዞሪያ ያዞራል። ያን ቀን ሰዎቹን ያተረፋቸው መንደርደሪያውን ካላየህ ተመለስ የሚለው ደንብና ደንቡን ሳያቅማማ የፈጸመው እጅ ነው።

እስካሁን ያየነው የተሳተ መነሻ ነበር። ሌላኛው ስህተት ንባቡ ላይ ነው፤ ለዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው መሣሪያ ራሱ ምስክር ነው። አውሮፕላኑ 1,500 ጫማ ላይ ሲሆን ረጅሙ ጠቋሚ አምስት ላይ፣ አጭሩ በአንድና በሁለት መካከል፣ ትንሹ ደግሞ ከዜሮ እልፍ ብሎ ይቆማል። 11,500 ጫማ ላይ ሲሆንስ? ረጅሙ አሁንም አምስት ላይ ነው። አጭሩም አሁንም በአንድና በሁለት መካከል ነው። የተለወጠው ትንሹ ብቻ ነው፤ ከዜሮ አጠገብ ተነሥቶ አንድን እልፍ ብሏል። የአሥር ሺህ ጫማ ልዩነት፣ ተራራ የሚያህል ልዩነት፣ ከሦስቱ ለዐይን በቀለለው ጠቋሚ ላይ ተንጠልጥሏል።

አበው «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ይላሉ። አብራሪው ከፍ ብዬ ነው ያለሁት ብሎ ልቡ ካመነ፣ ዐይኑ ከጠቋሚዎቹ መካከል ያመነውን የሚመስለውን ይዞ ይመለሳል። በ1958 ብሪታንያ ውስጥ ሁለት አውሮፕላኖች በዚህ ምክንያት መሬት ነክተዋል። ሚያዝያ 28 ቀን ስኮትላንድ፣ ኤር አቅራቢያ ቫይካውንት የተባለ አውሮፕላን የወደቀው ካፒቴኑ አልቲሜትሩን በአሥር ሺህ ጫማ አሳስቶ በማንበቡ ነበር፤ በውስጡ የነበሩት አምስት ሰዎች ተረፉ። በዚያው ዓመት የፈረንጆች ገና ዋዜማ በደቡብ እንግሊዝ፣ ኸርን አቅራቢያ ብሪታኒያ የተባለ አውሮፕላን ለፍተሻ በረራ ወጥቶ በጭጋግ በተሸፈነ ማሳ ላይ ወደቀ፤ ከአሥራ ሁለቱ ሰዎች ዘጠኙ ሞቱ። ባለሦስት ጠቋሚው አልቲሜትር ለሁለቱም ስሙ ተነሣ።

የሚያሳዝነው ነገሩ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኦሃዮ በሚገኘው ራይት ፊልድ ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች አብራሪዎችን ሰብስበው የተሳሳቱበትን ቅጽበት እንዲናገሩ ጠይቀው ነበር። በ1947 ባወጡት ሥራ መሣሪያ በማንበብ ላይ የደረሱ 270 ስህተቶችን መረመሩ። ከርዕሱ ላይ አንዲት ነገር ዐይኔን ትይዘዋለች፤ «የአብራሪ ስህተት» የሚለውን ሐረግ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስቀምጠውታል። በሁለት ጥንድ ምልክት ብቻ፣ ስህተቱ የአብራሪው ብቻ ነው ወይ ብለው ጠይቀዋል። በ1949 ደግሞ ዋልተር ግሬተር የተለያዩ የአልቲሜትር ፊቶችን በአብራሪዎች ፊት አስቀምጦ አስነበበ። ባለሦስት ጠቋሚውን አንድ ጊዜ ለማንበብ ሰባት ሰከንድ ያህል ፈጀባቸው፤ ከመቶ ንባብ ከአሥር በላዩም አንድ ሺህ ጫማ ወይም ከዚያ በላይ የሳተ ነበር። አንድ ጠቋሚና በመስኮት የሚታይ ተራ ቁጥር ሲሰጣቸው ስህተቱ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። እነዚያው ሰዎች፣ እነዚያው ዐይኖች ናቸው፤ የተለወጠው ሥራው ነው።

መሣሪያ ሠሪዎቹ የሰጡት መልስ ቀስ ያለ ግን የሚያምር ነው። ትንሹን ጠቋሚ እስከ ጠርዙ ድረስ አስረዝመው ጫፉ ላይ ሦስት ማዕዘን ሰኩለት። አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል ብቻ ብቅ የሚል ሰያፍ መስመር ያለበት ሰሌዳ ጨመሩ፤ ሰሌዳው ከታየ መሬት ቅርብ ነው ማለት ነው። ቆይተው ሁለቱን ጠቋሚዎች አንሥተው በሚሽከረከር ከበሮ ላይ በተጻፈ ቁጥር ተኩዋቸው። አንድ ባለሙያ ከሠራው ነገር ላይ አንድ ነገር ሲቀንስ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨመሩ የበለጠ ይደክምበታል፤ ሁለት ጠቋሚ ለማንሣት ውስጡን እንደገና ማሰብ ያስፈልጋልና።

ከሁሉም በላይ የምወደው ሥራ ግን ከጎማና ከሽብልቅ የተሠራ ነው። በጦርነቱ ዘመን ቢ-17 ቦምብ ጣዮች በሰላም ካረፉ በኋላ መንደርደሪያው ላይ ሆዳቸው መሬት ይነካ ነበር። አብራሪው ክንፉ ላይ ያለውን ፍላፕ ሊሰበስብ ፈልጎ የማረፊያ ጎማውን ይሰበስባል። ወጣቱ የሥነ ልቡና ባለሙያ አልፎንስ ቻፓኒስ ጉዳዩን እንዲያይ ተጠየቀ። አብራሪዎቹን ከመውቀሱ በፊት ኮክፒቱ ውስጥ ገብቶ ተመለከተ። የጎማውና የፍላፑ መቆጣጠሪያ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ቅርጻቸውም አንድ ነው። በሲ-47 ማመላለሻ ላይ መቆጣጠሪያዎቹ በመልክም በቦታም ይለያዩ ነበር፤ እዚያ ይህ ስህተት አልነበረም።

ቤታችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ጨውና ስኳር በአንድ ዓይነት ጣሳ፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ዕለት፣ መብራት የጠፋ ዕለት፣ እንግዳው ጨው የገባበት ቡና ይጠጣል። ብልህ እናት የምትወቅሰው ቡና ቀጂዋን አይደለም፤ ጨውን ወደ ቅል ትገለብጠዋለች። ከዚያ በኋላ በጨለማም ቢሆን እጅ ራሱ ይለያል። ቻፓኒስ ያደረገው ይህንኑ ነው። በጎማው መቆጣጠሪያ ጫፍ ላይ ትንሽ የላስቲክ ጎማ፣ በፍላፑ ላይ ደግሞ ክንፍ የሚመስል ሽብልቅ አደረገ። እጅ ጎማ ሲነካ ጎማ መሆኑን፣ ክንፍ ሲነካ ክንፍ መሆኑን ያውቃል፤ ዐይን መውረድ አያስፈልገውም። ዛሬ በአሜሪካ የማመላለሻ አውሮፕላኖች ደንብ ውስጥ የእነዚህ መያዣዎች ቅርጽ በሥዕል ተደንግጓል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገው የመጀመሪያ በረራ የተጠቀመበት አውሮፕላን ያው መቆጣጠሪያው የተለያየው ሲ-47 ነበር።

ትምህርቱ ግን አንዴ ተምረውት የሚተውት አይደለም። ጥር 20 ቀን 1992 ምሽት ከሊዮን የተነሣ ኤርባስ ኤ320 ለስትራስቡርግ ሲቃረብ ሳንት ኦዲል ተራራ ላይ ወደቀ። ከ96 ሰዎች 87ቱ ሞቱ፣ ዘጠኙ ተረፉ። አውሮፕላኑ መሬት መቃረቡን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አልተገጠመለትም ነበር። መርማሪዎቹ ይበልጥ አሳማኝ ብለው ካስቀመጡት ምክንያት መካከል አንዲት ማዞሪያና አንዲት ትንሽ ሰሌዳ አሉ። ያችው ማዞሪያ ሁለት ቋንቋ ትናገራለች፤ በአንዱ ቅንብር የመውረጃውን ማዕዘን በዲግሪ፣ በሌላው የመውረጃውን ፍጥነት በደቂቃ በጫማ ታስገባለች። 3.3 ዲግሪ የሰጠ አብራሪ ቅንብሩን ካልለወጠ መሣሪያው 33 መቶ ብሎ ይረዳዋል፤ በደቂቃ 3,300 ጫማ። ሊወርድ የሚገባው 800 ገደማ ነበር። በሰሌዳው ላይ ሁለቱን የሚለየው አንዲት ነጥብና ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው።

አምራቹ ከዚያ በኋላ ሰሌዳውን ለወጠ፤ የመውረጃው ፍጥነት በአራት ሙሉ አሃዝ፣ ማዕዘኑ በሁለት አሃዝ እንዲጻፍ ተደረገ። አሁን 3,300 የጻፈ ሰው 3.3 የጻፈ ሊመስለው አይችልም፤ ሁለቱ ቁጥሮች በርዝመታቸው ይለያሉ። ሁለት አሃዝ ጨመረ፣ አለቀ። ይህችን ለውጥ ከሙዳዩ ሞገዶችና ከድንጋይ ላይ ከሚያርፉት ዘንጎች እኩል አደንቃታለሁ፤ ከእነርሱ በላይ ውድ ዋጋ የተከፈለባትም እርሷ ናት።

ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ። አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው የሚከብደው፤ ውኃችን መቶ ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ የሚፈላው፣ ባቄላችንም እሳት ላይ የሚቆየው ለዚህ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ7,600 ጫማ በላይ ከፍ ይላል። አልቲሜትሬ መስኮቱ 1013 ላይ ሳለ ከእውነተኛው ጥቂት መቶ ጫማ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳየኛል፤ ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የሚሰላው የከተማችን ግፊት ብዙ ጊዜ ከ1013 ይበልጣልና። ቁጥሩ ለምሳሌ 1025 ከሆነ ልዩነቱ 320 ጫማ ያልፋል፤ ይህ ሠላሳ ፎቅ ያህል ነው። ያለሁበትን ከፍታ አውቄ ጠቋሚዎቹ እዚያ ላይ እስኪቆሙ ማዞሪያዋን ሳዞራት፣ መስኮቷ በተራዋ የዛሬውን የአየር ግፊት ትነግረኛለች። መብራት አያስፈልጋትም፣ ባትሪ አያስፈልጋትም።

አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ማማው የሰጣቸውን ቁጥር ያስገባሉ፤ ከዚያ ጠቋሚው የሜዳውን ከፍታ ማሳየቱን ያረጋግጣሉ። በአሜሪካ የተለመደው መመሪያ ከ75 ጫማ በላይ ከሳተ መሣሪያው እንዲመረመር ይላል። ሁለቱ አብራሪዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ያስገቡና ጮክ ብለው ይነጋገሩታል፤ አንዱ የሰማውን ሌላው ሳይሰማው እንዳያልፍ።

ይህን የማነሣው የአብራሪዎችን ሙያ ለማወደስ ብቻ አይደለም። በእጃችሁ ነገር የምትሠሩ ሁሉ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ጽሑፍ የምታስለጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ማብሪያ የምትገጥሙ፣ ስልክ ላይ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም የምትጽፉ፣ አንድ ነገር ጨርሳችሁ ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት መብራቱን አጥፉና በጣታችሁ ዳስሱት። ደክሞት፣ ቸኩሎ፣ ጨለማ ውስጥ ሆኖ የሚይዘውን ሰው አስቡት። እጁ ከሳተ ጥፋቱን ከእጁ ላይ ብቻ አትፈልጉ፤ የሠራችሁትንም መልሳችሁ እዩት። ጥሩ ሥራ የሚባለው የተሳሳተን እጅ መልሶ የሚያርም ነው።